ስለ ኮምፒዩተር መረብ እርከኖች

እንዲህ ያለ ጽሑፍ ከአርት ፋኩልቲ ሲወጣ የሚደነቁ ይኖሩ ይሆናል። ነገሩ ግን ከሽቦው ይልቅ የሥራ ክፍፍል ጉዳይ ስለ ሆነ እኛንም ያገባናል እንላለን። ብዙ ተማሪ ለፈተና ሲል ሰባቱን እርከኖች እንደ ዳዊት ይደግማል፤ ለምን እንደ ተለያዩ ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል።

እስቲ አንድ ደብዳቤ እንውሰድ። ጸሐፊው የሚያስበው ስለሚጽፈው ቃል ብቻ ነው። ደብዳቤው በፖስታ ታሽጎ አድራሻ ይጻፍበታል፤ ፖስታውም በከረጢት ይገባል። ከረጢቱ በየጣቢያው ይለወጣል፤ ዛሬ በመኪና፣ ነገ በአውሮፕላን ይጫናል። ፖስታው ግን እስከ መጨረሻው ያው ነው። ሾፌሩ ደብዳቤውን አያነብም፤ ጸሐፊውም ሾፌሩን ማወቅ አያስፈልገውም።

በኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። የላይኛው እርከን፣ ይኸውም አፕሊኬሽኑ፣ መልእክቱን ያዘጋጃል። ቲ.ሲ.ፒ. መልእክቱን ቆራርጦ ቁጥር ይሰጠዋል፤ በመንገድ የጠፋውንም ደግሞ ይልካል። አይ.ፒ. የላኪውንና የተቀባዩን አድራሻ ይጽፍበታል። ከሥር ያለው ኤተርኔት ወይም ዋይፋይ እስከሚቀጥለው ጣቢያ ብቻ የሚያገለግል ከረጢት ነው። የኤተርኔት ከረጢት እንደ ልማዱ ከ1500 ባይት በላይ አይዝም፤ ከዚሁም ላይ ቲ.ሲ.ፒ.ና አይ.ፒ. ቢያንስ 40 ባይት ለራሳቸው ጽሕፈት ይወስዳሉ።

ቪንት ሰርፍና ቦብ ካን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ባሳተሙት ጥናት የቲ.ሲ.ፒ.ና የአይ.ፒ. ሥራ ገና አንድ ነበር። የተለያዩት በ1978 ነው። ምክንያቱም ድምፅን በቀጥታ የሚልክ ሰው የጠፋች ቃል እስክትደገም ድረስ መቆም አይፈልግም፤ ጊዜው ያለፈ ንግግር ምን ይረባዋል? ይህ ሰው አይ.ፒ.ን ይዞ ቲ.ሲ.ፒ.ን ሊተው ቻለ። አርፓኔት በ1983 ጃንዋሪ 1 ቀን ወደዚህ አሠራር ተዛወረ። ሰባት እርከን ያለው ኦ.ኤስ.አይ. በዓለም አቀፍ ደንብነት የታተመው ግን በ1984 ነው። ስለዚህ በኢንተርኔት ላይ ሰባቱን አንድ በአንድ የሚፈልግ ሰው አያገኛቸውም፤ የአምስተኛውንና የስድስተኛውን ሥራ አብዛኛውን ጊዜ አፕሊኬሽኑ ራሱ ጠቅልሎ ይዞታል።

በመኝታ ቤታችን ገጽ አልከፈት ሲል «ኔትወርክ የለም» ብሎ መራገም ልማድ ሆኗል። ከታች ወደ ላይ እየጠየቁ መሄድ ይሻላል። ዋይፋዩ ተያይዟልን? አድራሻስ ተሰጥቶናልን? በቁጥር ስንጠራው የሚመልስልን ኮምፒዩተር በስሙ ስንጠራው ዝም ካለ መንገዱ ደኅና ነው፤ መመርመር ያለበት ስምን ወደ ቁጥር የሚመልሰው ዲ.ኤን.ኤስ. ነው።