ቦቱ ይፈጥናል፤ ግብሩ ይከተላል

ኦቤትስ ውስጥ ተሳፋሪ እየጠበቁ፣ በቴሌግራም ቦት ላይ አጭር ትእዛዝ ጽፎ ክሪፕቶ በሰከንዶች መግዛትና መሸጥ ይቻላል። ጣጣው የሚመጣው በግብር ወቅት ነው። የፌዴራሉ ግብር መሥሪያ ቤት አይ.አር.ኤስ. እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ክሪፕቶን የሚቆጥረው እንደ ንብረት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሽያጭ በፎርም 8949 ይመዘገባል፤ አንዱን ክሪፕቶ በሌላው መለወጥም እንደ ሽያጭ ይታያል። ለምሳሌ በ500 ዶላር የገዙትን 700 ዶላር በሚያወጣ ሌላ ክሪፕቶ ቢለውጡ፣ ጥሬ ገንዘብ በእጅዎ ባይገባም የ200 ዶላር ትርፍ ማስታወቅ አለብዎ። ኪሳራዎ ከትርፍዎ ከበለጠ ደግሞ፣ ከሌላ ገቢ የሚቀነስልዎ በዓመት እስከ 3,000 ዶላር ብቻ ነው፤ የቀረው ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። ቦቱ ከተዘጋ መዝገቡም አብሮ ሊጠፋ ስለሚችል፣ ቀኑንና የተገዛበትን፣ የተሸጠበትንም ዋጋ በየምሽቱ በደብተርዎ ያስፍሩ። ከሱቅዎ ወይም ከታክሲዎ ሒሳብ ጋር ግን አይቀላቅሉት።