ጭስ የሌለው እሳት፦ ስለ ጋዝ ኃይል ማመንጫ ፈቃድ ተረትና እውነታ

የኒውዮርክ ግዛት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 27 ቀን 2021 ሁለት ኩባንያዎችን በአንድ ቀን «አይሆንም» አላቸው። አንዱ ኩዊንስ ውስጥ አስቶሪያ፣ ሌላው ሀድሰን ወንዝ ዳር ኒውበርግ አጠገብ ዳንስካመር በተባለ ቦታ ላይ በጋዝ የሚሠራ አዲስ ኃይል ማመንጫ ሊተክሉ የአየር ብክለት ፈቃድ ጠይቀው ነበር። ተቃዋሚ ነዋሪዎች ያኔ የሰሟቸው አባባሎች ዛሬም በየከተማው ይደገማሉ።

ተረት፦ «ጋዝ ንጹህ ነው፤ ጭስ እንኳ የለውም።»

እውነታ፦ እሳት በሌለበት ጭስ የለም ሲባል እየሰማን ስላደግን፣ ጭስ የማይታይበት እሳት ንጹህ ይመስለናል። ጋዝ ሲነድ ከድንጋይ ከሰል ግማሽ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ ማውጣቱ እርግጥ ነው። የሚጎዳው ግን ዓይን የማያየው ነው። የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ፀሐይ ሲበረታ ከሌሎች ጋዞች ጋር ተዋሕደው ኦዞን ይፈጥራሉ፤ አስም ያለበትን ልጅ ትንፋሽ የሚያሳጥረው ይህ ነው። እነዚህን ኦክሳይዶች የሚቀንሰው የጭስ ማውጫ ማጣሪያ ደግሞ በደንብ የሚሠራው ከጋለ በኋላ ነው፤ ተርባይኑ በተነሳ ቁጥር እስኪግል ድረስ ብዙው ያመልጠዋል። ከጉድጓድና ከቧንቧ ሳይነድ የሚያፈተልከው ሚቴንም አለ፤ በ20 ዓመት ሲሰላ ምድርን የማሞቅ አቅሙ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 ጊዜ ያህል ይበልጣል።

ተረት፦ «አዲሱ አሮጌውን ስለሚተካ አየሩ ይሻሻላል።»

እውነታ፦ ከሁሉም አሳማኙ ይሄ ነው፤ እኔም አንድ ሰሞን ተቀብዬው ነበር። ለሚመነጨው ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ከተሰላ አዲሱ ይሻላል። ጥያቄው ግን በዓመት ስንት ሰዓት ይሠራል የሚለው ነው። የዳንስካመር አሮጌ ጣቢያ የሚነሳው ኃይል ሲያጥር ብቻ ነበር። ሊተካው የታሰበው 536 ሜጋ ዋት ማመንጫ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲሠራ የታቀደ ነበር። ግቢ ውስጥ ቆማ የምትውል አሮጌ መኪና ሸጦ፣ ነዳጅ ቆጣቢ አዲስ ገዝቶ ሌት ተቀን ታክሲ እንደ ማሠራት ነው፤ የወሩ ነዳጅ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ተረት፦ «ከተፈቀደው መጠን ካላለፈ ጉዳት የለውም።»

እውነታ፦ የተፈቀደው መጠን ራሱ ይቀያየራል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2024 ከማቃጠል የሚወጣውንና ሳንባ ውስጥ ጠልቆ የሚገባውን የደቂቅ ብናኝ ዓመታዊ ጣሪያ በኩቢክ ሜትር ከ12 ወደ 9 ማይክሮግራም ዝቅ አድርጓል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው 5 ነው። ሳንባው ያው ሳንባ ነው።

ተረት፦ «ፈቃዱ ያለቀ ነገር ነው፤ የእኛ ወረቀት ምን ይለውጣል?»

እውነታ፦ በፌዴራሉ የንጹህ አየር ሕግ መሠረት የሥራ ፈቃዱ ረቂቅ ቢያንስ ለ30 ቀናት ለሕዝብ አስተያየት ክፍት መሆን አለበት። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ፣ በኋላ ለፌዴራሉ ኤጀንሲ አቤት ማለት የሚቻለው በመርሕ ደረጃ በዚያ የአስተያየት ጊዜ ተለይቶ በተነሳ ነጥብ ላይ መሆኑ ነው። «ጋዝ አንፈልግም» ብሎ መፈረም ስሜትን ይገልጻል፤ ለአቤቱታ ግን አይበቃም። ኒውዮርክ ውስጥ ፈቃዱ የተከለከለው በሕግ ነጥብ ነው። የግዛቱ የ2019 የአየር ንብረት ሕግ ኤሌክትሪኩ በ2040 ከልቀት ነጻ እንዲሆን ያዛል፤ ኩባንያዎቹ ዕቅዳቸው ከዚህ ጋር እንዴት እንደሚሄድም ሆነ ማመንጫው የግድ እንደሚያስፈልግ አላስረዱም።

በሰፈርዎ እንዲህ ያለ ረቂቅ ከወጣ በዓመት የሚለቀቀውን ቶን፣ የሥራውን ሰዓትና ተርባይኑ ስንት ጊዜ እንደሚነሳ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ ይፈልጉ። ቁጥሩን ጠቅሰው ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ይጻፉ።