ክው ያለ ሰው ውስጥ

ከጀሞ ወደ ሜክሲኮ የሚሄደው ሚኒባስ ጀርመን አደባባይ ሊደርስ ሲል ረዳቱ «ሒሳብ!» አለ። አንዲት ተሳፋሪ ቦርሳዋን ከፈተች። ስልኳ የለም። ክው አለች።

አማርኛ «ክው» የሚለውን ለድንጋጤም ለደረቀ ነገርም ይጠቀምበታል፤ አልተሳሳተም። በዚያች ቅጽበት ምራቅ ይቀንሳል፣ አፍ ይደርቃል። ልብ ድው ድው ይላል፣ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ መዳፍ ያልበዋል። ደም ከሆድና ከቆዳ እየሸሸ ወደ ጡንቻ ስለሚሄድ ጣት ይቀዘቅዛል። ተሳፋሪዋ አንዱንም አላዘዘችም። ያዘዘው፣ እንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ጆን ላንግሌይ በ1898 እ.ኤ.አ. «ራስ ገዝ» ብሎ የሰየመው የነርቭ ሥርዓት ነው።

ሁለት ዋና ክንፎች አሉት። ሲምፓቴቲክ የሚባለው ከሕብለ ሰረሰር፣ ከደረትና ከወገብ አካባቢ ይነሳል፤ ኩላሊት ላይ እንደ ቆብ የተደፉትን እጢዎች ቀስቅሶም አድሬናሊን ወደ ደም ያስረጫል። የፓራሲምፓቴቲክ ዋና መስመር ደግሞ ከአንጎል ግንድ ተነስቶ እስከ ልብና አንጀት የሚወርደው ቫገስ ነው። ብዙዎች በነዳጅና በፍሬን ይመስሏቸዋል። ምሳሌው ባይከፋም ያሳስታል፤ ሾፌር ሁለቱን አብሮ አይረግጥም፣ ሰውነት ግን ይረግጣል። ነርቭ የማይደርስበት ልብ በደቂቃ 100 ጊዜ ያህል ይመታል። ስናርፍ ወደ 70 የሚወርደው ቫገስ ስለሚይዘው ነው። ስንደነግጥ መጀመሪያ የሚለቀቀውም ይኸው ፍሬን ነው፤ አድሬናሊን ዘግይቶ ይደርሳል።

ሴትዮዋ አጠገቧ የተቀመጠውን ወጣት ጠረጠረችው። አሁን ፍርሃቱ ቁጣ ሆነ። ልቧ አሁንም ይጋልባል፣ እጇ ግን መሞቅ ጀመረ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፖል ኤክማንና ባልደረቦቹ በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የጣት ሙቀት በቁጣ ጊዜ ከፍርሃት ጊዜ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። «ደሜ ፈላ» የሚል ሰው እንግዲህ ብዙም አላጋነነም። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን ስሜቶችን በዚህ መልክ መለየት ሁልጊዜ አልሆነላቸውም፤ የአንዱ ሰው ቁጣ ከሌላው ይለያል። «ሐሞቴ ፈሰሰ» ለሚለው ደግሞ ማስረጃ የለም።

ቫገስም ቢሆን ሁልጊዜ የዋህ አይደለም። ለበዓል በግ ሲታረድ ደም አይቶ የሚወድቅ ጎረምሳ ፈሪ ተብሎ ይሳቅበታል። የሆነው ግን ሌላ ነው፦ የልቡ ምት በድንገት ዘገየ፣ የደም ሥሮቹ ሰፉ፣ ግፊቱ ወረደ፣ አንጎሉ ደም አጠረው።

ስልኩ ካፖርት ኪሷ ውስጥ ተገኘ። ሴትዮዋ በረጅሙ ተነፈሰች፤ አየር ስናስወጣ ቫገስ ስለሚበረታ ልብ ረገብ ይላል። ወዲያው ደግሞ ሐፍረት መጣና ፊቷ ጋለ። ወጣቱ ወደ መስኮቱ ዞሯል።

መካኒሳ ላይ «ወራጅ አለ» ስትል ድምፅዋ ገና አልተስተካከለም። አድሬናሊኑ ከደሟ እስኪጠራ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። በሚንቀጠቀጥ እጇ ብሩን ሰጥታ፣ መልሷን ሳትቀበል ወረደች።