«በሞቴ» ከማለታችን በፊት

ምግብ የሰው ልጅ ሕይወት ማቆያ መሆኑን የማያውቅ የለም። ይሁን እንጂ ለብዙዎች በረከት የሆነው ምግብ ለአንዳንዱ ሕማም፥ አልፎም የሞት ምክንያት ይሆናል። ሐኪሞች ይህን አለርጂ ይሉታል። ስሙን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1906 ያወጣው ክሌመንስ ፎን ፒርኬ የተባለ የቪየና የሕፃናት ሐኪም ነው።

በሐረር የምንኖር ሰዎች ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ባቢሌ በለውዟ የታወቀች ናት። ይህ ኦቾሎኒም የሚባለው ለውዝ በጾም ወራት ተቈልቶ ወይም ተወቅጦ፥ ከሻይም ጋር ፈልቶ በየቤቱ ይቀርባል። ለጿሚ ኃይል የሚሰጥ መልካም ምግብ ነው፤ ነገር ግን ብርቱ አለርጂ ከሚያመጡት ምግቦች አንዱ ደግሞ እርሱ ነው።

ሰውነታችን ከበሽታ የሚከላከልልን ዘበኛ አለው። ይህ ዘበኛ በአንዳንድ ሰው ዘንድ ተሳስቶ የለውዙን ፕሮቲን እንደ ጠላት ይቈጥረዋል። ስለዚህ ለውዙ በተበላ በጥቂት ደቂቃ፥ ቢዘገይም አብዛኛውን ጊዜ በ2 ሰዓት ውስጥ፥ ቆዳ ያሳክካል፤ ከንፈርና ዓይን ያብጣል፤ ሆድ ይታወካል። ሲበረታም ጉሮሮ ይዘጋል፤ ትንፋሽ ያጥራል፤ ሰውም ራሱን ይስታል። ለውዙን መቍላት ይህን ጠባይ አያጠፋውም፤ ጥቂቱም ለመጕዳት ይበቃል።

በአገራችን እንግዳን «በሞቴ» ብሎ ማጕረስ የፍቅር ምልክት ነው። ምግብ የሚመልስ ልጅም «ጥጋብ ነው» ተብሎ ይገሠጻል። እኛ ልጆችን በማስተማር የምንውል ሰዎች ግን ይህን እናሳስባለን፤ «አፌን ያሳክከኛል» የሚል ልጅ እውነቱን ሊሆን ይችላልና አስቀድሞ ይጠየቅ እንጂ አይገደድ። ያበጠውንም ፊት «የሰው ዓይን ነው» ብሎ ጊዜ ማሳለፍ ታላቅ አደጋ አለው።

አለርጂው በሐኪም ከታወቀ በኋላ ጥንቃቄው ከማእድ ቤት ይጀምራል። ለውዝ የተወቀጠበት ሙቀጫ በሚገባ ሳይታጠብ ሌላ ነገር አይወቀጥበት። ለጎረቤትና ለትምህርት ቤትም ይነገር። ሆኖም ለውዝ የማይስማማው ልጅ ሽምብራና ምስር ሊስማማው ስለሚችል፥ ያለ ሐኪም ምክር ጥራጥሬን ሁሉ መከልከል የጾሙን ማዕድ በከንቱ ያራቍትበታል።

ትንፋሹ ያጠረውን ሰው ግን ሳይዘገዩ ወደ ሕይወት ፋና፥ ወደ ጀጎል ወይም ወደሚቀርበው ሆስፒታል መውሰድ ይገባል። በእግሩ አይሂድ፤ ራሱን ያዞረው ይጋደም፤ መተንፈስ የቸገረው ይቀመጥ። ዋናው መድኃኒት በጭን ጡንቻ የሚወጋው አድሬናሊን ነው፤ ፈጥኖ ሲሰጥም ሕይወትን ያድናል። ጸሎቱና ጸበሉ ከሕክምናው ጋር አይጣሉም፤ የጉሮሮ መዘጋት ግን ቀጠሮ አይሰጥም።

እንግዲህ ማዕዳችንን በፍቅር የምንዘረጋ ሁሉ፥ «በሞቴ» ከማለታችን በፊት «ይስማማሃልን?» ብለን እንጠይቅ። ይህም ከእንግዳ አክባሪነታችን አንዱ ይሁን።