መድኃኒት የመረጠው አሉማ

ሐምሌ መጨረሻ ላይ የመተማ ዋልካ ጫማ ያስወልቃል። የጠሩኝ ባለእርሻ በባዶ እግራቸው ከጥጡ ማሳ ዳር ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ሰላምታው ሳያልቅ ባዶውን ጀሪካን በዱላቸው ጫፍ ገልበጥ አድርገው «ልጄ፣ መድኃኒቱ ውሃ ነው፤ ሸውደውናል» አሉኝ።

ሐሰተኛ የአረም መድኃኒት አልፎ አልፎ ያጋጥማል። ያም ሆኖ ነጋዴው ላይ ከመፍረዴ በፊት ማሳውን መዞር ይቀናኛል። አረሙ ዓይነት ሳይለይ መስመር ይዞ ከተረፈ የመርጫው አፍንጫ ተደፍኗል፣ ወይም ረጪው ቦታ ዘሏል። ሁሉም ቢጫ ሆኖ ሳይሞት ከቀረ ደግሞ ስለ ውሃው እጠይቃለሁ። ራውንዳፕ እያልን የምንጠራው ግላይፎሴት አፈር ካገኘ ይጣበቅበታል፤ በድፍርስ የኩሬ ውሃ ከተበጠበጠ ጉልበቱን መርጫው ውስጥ ይጨርሳል። ጋሼ ግን የቀዱት ከጉድጓድ ነው፤ መስመርም አላየሁም።

ያየሁት ሁለት አረም ነው። አንደኛው የውሃ አንቁር፣ ሰማያዊ አበባውን ከፍቶ በጥጡ መሃል ተንጣሏል። እሱ አላስገረመኝም፤ ከጥንትም ለግላይፎሴት ግድ የለውም። ሌላው ሲሞትለት ቦታውን ይወርሳል። ከመሬት በላይ ከሚያብበው ሌላ ከአፈር ሥር አብቦ ዘር የሚይዝ ጉደኛ ነው።

ሁለተኛው አሉማ ነው፤ እግሬን የያዘኝም እሱ ነው። ጋሼ ሊዘሩ ሲሉ ረጭተው፣ መሬቱን ሳይገለብጡ ነው የዘሩት። አንዱ አሉማ ደርቆ እንደ እንጨት ቆሟል። ከእሱ አንድ ስንዝር ርቆ፣ በግንዱ ውፍረት እኩያው የሆነ ሌላ አሉማ ጫፉ ብቻ ተቃጥሎ ከጎኑ አራት ቅርንጫፍ አውጥቷል። አፈሩም፣ ውሃውም፣ መርጫውም አንድ፤ አንዱ ሞተ፣ አንዱ ቀረ።

«በዚህ መድኃኒት ስንት ዓመትዎ ነው?»

«ስድስት። በየዓመቱ፣ እሱን ብቻ። አሁን ለመደው ማለት ነው?»

ይህ «ለመደ» የሚሉት ቃል ያስቸግረኛል። አረም እንደ ሰው መራራ እየቀመሰ አይለምድም። ጋሼ ለዘር የሚሆናቸውን ማሽላ ከአውድማ በፊት ዘለላውን እያዩ ይመርጣሉ፤ ያማረውን ለይተው ጭስ ቤት ይሰቅሉታል። መድኃኒቱም ስድስት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ሥራ ለአሉማ ሲሠራ ከርሟል። የማይችለውን ገደለ፤ የሚችለውን ለዘር አስቀረ። በርግጥ ተቋቁሟል ለማለት ዘሩን ለቅሜ፣ በማሰሮ አብቅዬ፣ በተለያየ መጠን ረጭቼ ማየት አለብኝ። ማሳው ግን እስከዚያ አይጠብቅም።

የአሉማ ወገን የሆነው የፓልመር አማራንተስ በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት የጥጥ ገበሬ ላይ ያደረሰውን ለሙያ ጓደኞቼ ደጋግሜ አወራለሁ። እዚያ ግላይፎሴት የማይጎዳው ጥጥ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለተዘራ ከጥጡ በላይ ያንኑ መድኃኒት ደጋግሞ መርጨት ቀላል ሆነ። በ2005 እ.ኤ.አ. መድኃኒቱ የማይገድለው አረም መኖሩ ተረጋገጠ። ምስጢሩ ሲታይ መድኃኒቱ የሚያጠቃውን ኢንዛይም የሚሠራው ጂን በአንዳንዱ ተክል ከ100 በላይ ቅጂ ሆኖ ተገኘ፤ መድኃኒቱ ሁሉንም ማሰር አቃተው። አንዷ ሴት ተክል ደግሞ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትጥላለች። ያ ሁሉ ማሽን ያለው ገበሬ ተመልሶ መኮትኮቻ ጨበጠ። የኛው የውሃ አንቁርም እዚያ ደርሶ ራስ ምታት ሆኖባቸዋል።

በጀማሪነቴ «መጠኑን ትንሽ ከፍ አድርጉት» ብዬ አውቃለሁ። ዛሬ አልልም። በዚያ ላይ ጥጡ በቅሏል፤ ከላይ ቢረጭ ጥጡም አብሮ ይሞታል። በ2010 ዓ.ም. የተፈቀዱት የቢቲ ጥጥ ዝርያዎችም የሚከላከሉት ትል እንጂ ፀረ-አረም አይደለም። ይህን የሚያምታቱ አሉ፤ አንዱ ረጭቶ ማሳውን አጥቁሮ ጠርቶኛል።

ስለዚህ የቀረን እጅ ነው፤ ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ጥጥ በመጀመሪያዎቹ ስድስትና ሰባት ሳምንታት አረም አይችልም። በእነዚያው ሳምንታት ሰሊጡም ይታረማል፤ ሠራተኛው የሚሻል ወደሚከፍለው ይሄዳል። የውሃ አንቁር ደግሞ ተቆራርጦ እርጥብ መሬት ላይ ከተጣለ እያንዳንዱ ቁራጭ ሥር ይሰዳል፤ ከሥሩ ተነቅሎ፣ በጆንያ ወጥቶ መንገድ ላይ መድረቅ አለበት። ለዚህ የሚከፍል ማን ነው?

ለከርሞ የሰጠሁት ምክርም ያለ ዋጋ አይደለም። የመጀመሪያውን ዝናብ ጠብቆ የበቀለውን አረም በዲስክ ማጥፋት መድኃኒቱን ያሳርፋል፤ ግን የዘገየ ጥጥ ዝናቡ ሲያልቅበት ፍሬው ሳይሞላ ይቀራል። በመስኖ የሚያለማ ሰው ውሃውን በቀኑ ይከፍታል፤ እኛ ሰማይ እናያለን። ማሽላ ማፈራረቅም ጥሩ ነው፤ በማሽላ ላይ አሉማን ቱ-ፎር-ዲ በተባለው ፀረ-አረም መምታት ይቻላል። ነፋስ ወደ ጎረቤት ጥጥ ከወሰደው ግን ቅጠሉ እንደ ጣት ይቀጥናል፤ ሳይታጠብ ጥጥ ላይ የገባ መርጫም እንደዚያው ያደርጋል። በመስኖ የሚያለማ ሰው ውሃውን በቀኑ ይከፍታል፤ እኛ ሰማይ እናያለን።

አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ ጠየቅኳቸው፦ የተረፈው አሉማ ዘር ሳያፈስ ይነቀል፤ አንዲት የቀረችውም ብትሆን አትታለፍ። ጋሼ ዝም ብለው ሰሙኝና «ለዚች ብቻ ሰው ልቅጠር?» አሉ።

ጥቅምት ላይ ተመለስኩ። አሉማው ከግማሹ ማሳ ተለቅሟል፤ ግማሹ ሠራተኛ ታጥቶለት ቀርቷል። ከቀሩት የአንዱን አሉማ ራስ በመዳፌ አሸሁት፤ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ዘር፣ ከጤፍ ብዙም የማይበልጥ፣ እፍኜን ሞላው። ልቆጥር ጀምሬ ተውኩት። ልበትነው እጄን ሳዘነብል ጋሼ አንጓዬን ያዙኝ።

«ኧረ ልጄ፣ እሱን እንኳ በኪስህ ይዘኸው ሂድ።»