ያውቁ ኖሯል? ጎጃም ባሕር በነበረበት ዘመን

ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርደው፣ ድልድዩን ተሻግረው ወደ ደጀንና ወደ ደብረ ማርቆስ ሲወጡ የሚያዩት ገደል፣ የባሕር እንስሳት ክፉውንና ደጉን ዘመን እንዴት እንዳሳለፉ ይመሰክራል። እነሆ፦

• በገደሉ ላይ የሚታየው የኖራ ድንጋይ የተነጠፈው ባሕር ውስጥ ነው። ዕድሜው በግምት ከ150 እስከ 165 ሚሊዮን ዓመት ሲሆን፣ የባሕር ቀንድ አውጣዎችና ባለ ሁለት ክዳን ዛጎሎች ቅሪተ አካል ይገኝበታል።

• ከኖራ ድንጋዩ ሥር ጂፕሰም (ጀሶ) የበዛበት ንጣፍ አለ። ኢትዮጵያዊው የሥነ ምድር ምሁር ጌታነህ አሰፋ እ.ኤ.አ. በ1981 በጎሃ ጽዮን ስም ሰይመውታል።

• ጂፕሰም የሚዘቅጠው የባሕር ውኃ ተንኖ ጨዋማነቱ ከተለመደው ሦስት ዕጥፍ ሲያልፍ ነው። ያን የሚችል ዛጎል ለበስ እንስሳ እጅግ ጥቂት ነው። ገደሉን ከታች ወደ ላይ የሚወጣ መንገደኛ፣ ሳያውቀው ኑሮ ከከበደበት ባሕር ሕይወት ወደ ሞላበት ባሕር ይሸጋገራል።

• የአብዛኞቹ የባሕር ዛጎል ለበሶች ደም ጨዋማነቱ ከውኃው ጋር እኩል ነው። ውኃው ጨው ሲበዛበት ሴሎቻቸው እንዳይጨማደዱ አሚኖ አሲድ ያከማቻሉ። ይህ ጉልበት ይፈጃል፤ ለዕድገትና ለመራባት የሚሆነው ስንቅ ለመሰንበቻ ይውላል።

• የባሕር ውኃ ሲሸሽ ዓለት ላይ የሚቀሩ ባለ ሁለት ክዳን ዛጎሎች ክዳናቸውን ገጥመው የልብ ምታቸውን ይቀንሳሉ። ያጠራቀሙትን ግላይኮጅን የተባለ የኃይል ስንቅ ያለ ኦክስጅን ያቃጥላሉ። በዚህ መንገድ የሚገኘው ጉልበት በጣም ትንሽ በመሆኑ፣ የነሐሴን ጎተራ እሸት እስኪደርስ እንደሚያብቃቃ ባለቤት ወጪያቸውን ሁሉ ይቆጥባሉ።

• ሙቀት በሁለት በኩል ይጎዳቸዋል። ውኃው በ10 ዲግሪ ሲሞቅ የሰውነታቸው የኦክስጅን ፍላጎት ዕጥፍ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል፤ የሞቀ ውኃ ደግሞ የሚይዘው ኦክስጅን ያነሰ ነው።

• እ.ኤ.አ. በ2021 የካናዳን ምዕራባዊ ጠረፍ በመታው የሙቀት ማዕበል ከአንድ ቢሊዮን በላይ የባሕር ዳር እንስሳት እንዳለቁ ተገምቷል። ከእነርሱም ብዙዎቹ ከዓለት ጋር ተጣብቀው የሚኖሩ፣ መሸሻ የሌላቸው ዛጎል ለበሶች ነበሩ።

• ከኢንዱስትሪ አብዮት ወዲህ የውቅያኖስ አሲዳማነት በ30 በመቶ ገደማ ጨምሯል፤ ምክንያቱ ከአየር የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ኦይስተር የተባለው ዛጎል ለበስ ዕጭ የመጀመሪያ ዛጎሉን የሚሠራው በሁለት ቀን ገደማ፣ ከእንቁላሉ በተረፈው ስንቅ ነው። አሲድ የበዛበት ውኃ ይህን ሥራ ያከብድበታል፤ ስንቁ ቀድሞ ካለቀ ዕጩ ይሞታል።

• እ.ኤ.አ. በ2006 ከአይስላንድ ቀዝቃዛ ባሕር የወጣ አንድ ዛጎል ለበስ 507 ዓመት ኖሯል፤ ሲወለድ በኢትዮጵያ አፄ ናዖድ ነግሠው ነበር። ዕድሜው የታወቀው በዛጎሉ ላይ በየዓመቱ የተሠመሩት መስመሮች ተቆጥረው ነው። ቅዝቃዜና ዝግ ያለ የሰውነት አሠራር ለዕድሜው መርዘም አግዘውታል።

• ዛጎል ለበሶች ባሕር ውስጥ ብቻ አይደሉም፤ በጎጃም ወንዞችና መስኖዎች ብልሃርዚያ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ደሙ ቀይ ነው። ኦክስጅን ተሸካሚ ሄሞግሎቢን ስላለው ኦክስጅን ባነሰበት ውኃም ይኖራል። ብርድ ግን አይስማማውም፤ በአገራችን በሽታው ከ2,200 ሜትር ከፍታ በላይ እምብዛም አይተላለፍም። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ እየሞቀ ከሄደ ግን ይህ የብርድ አጥር ወደ ላይ ሊሸሽ ይችላል።

• ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። እንዶድ ብልሃርዚያን ለመከላከል እንደሚረዳ የታወቀው ከዚያ ወዲህ ነው።

• የጎጃም ባሕር የተለወጠው በሚሊዮን ዓመታት ነው፤ የዛሬው ባሕር ግን በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ እየተለወጠ ነው። ዛጎል ለበሶች ዘግተውና ቆጥበው ክፉ ቀን ማለፍ ያውቃሉ፤ ክፉው ቀን ካልተቋረጠ ግን ቁጠባም አያድናቸውም። በደጀንና በደብረ ማርቆስ የምትገኙ መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁን ወደዚህ ገደል ውሰዱ፤ ቅሪተ አካሉን ሳትነቅሉ አሳዩአቸው፤ ባሕር በሌለው አገር ያደገ ልጅ የባሕርን ጉዳይ የራሱ አድርጎ ይያዘው።