ከፊት ጎማ ጀርባ ያለው ሉል

የድሮ ላንድክሩዘር፣ የ60ው ወይም የ70ው ዓይነት፣ ደጅ ቆሞ ከሆነ ጎንበስ ብለው ከፊት ጎማው ጀርባ ይመልከቱ። ቅል የሚያክል ድቡልቡል ብረት አለ። ስስ ቅባት ቢያብረቀርቅበት ጤነኛ ነው፤ ጥቁር ቀጭን ነገር ወደ ቸርኬው ከወረደ ግን ፊቱ የሚፈታበት ቀን ደርሷል።

ይህ ጎማ ሁለት ሥራ አለበት፦ በመሪ ይታጠፋል፣ ከዲፈረንሻል በሚመጣው ጉልበትም ይሽከረከራል። ተራ ክሮቼራ (የመስቀል መገጣጠሚያ) ቢገባበት፣ መሪው በታጠፈ ጊዜ ጎማው በአንድ ዙር ሁለቴ ይፈጥናል፣ ሁለቴ ይዘገያል። ስለዚህ ሉሉ ውስጥ ዋንጫ የመሰለ መገጣጠሚያ ተቀምጧል፤ በዋንጫው ውስጥ ስድስት ኳሶች በየቦያቸው ይሄዳሉ። ዘንጉ ሲታጠፍ ኳሶቹ ሁልጊዜ የማዕዘኑን እኩሌታ ስለሚይዙ ወዲህና ወዲያ ያለው ፍጥነት አይለያይም።

ጥቁሩ ነገር ሲወርድ ጥፋተኛው ግን ብዙ ጊዜ ፓራሊዮ ነው። ዲፈረንሻሉ በዘይት፣ ሉሉ በወፍራም ግራሶ ይሠራል፤ ሁለቱን የሚለያቸው ዘንጉን ያቀፈ ይህ አንድ የጎማ ቀለበት ብቻ ነው። እሱ ሲያረጅ ዘይቱ ሾልኮ ግራሶውን ያቀጥነዋል፣ ሽሮ ላይ ውሃ እንደ መጨመር። ከላይ ባለችው ቀዳዳ ግራሶ ሞልቶ መሸኘት የተለመደ ነው፤ ለእኔ ግን ዲፈረንሻሉ ዘይት እየጎደለበት ጊዜ መግዛት ነው። የጋለ ዲፈረንሻል ወንዝ ሲገባ ደግሞ ውስጡ ያለው አየር ቀዝቅዞ ይኮማተራል፤ መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ በፓራሊዮው በኩል ውሃ ይስባል።

ሲፈታ ጎማው፣ ፍሬኑ፣ ኩሽኔታዎቹ ይወጣሉ። ትዕግሥት የሚፈትኑት ሾጣጣ ሮንዴላዎች ናቸው፤ ዙሪያውን በነሐስ መዶሻ ሲመቱ ድንገት ተስፈንጥረው ይወጣሉ። ከዚያ ሁሉም በናፍጣ ይታጠባል፤ አሮጌ ግራሶ ጥግ ላይ ከቀረ አሸዋውም አብሮ ቀረ ማለት ነው።

ችኩል እጅ የሚዘለው ነገር አለ። ሉሉን ከላይና ከታች የያዙት ኩሽኔታዎች የሚጠብቁት እንደ ወረቀት በሳሱ የብረት ስፔሰሮች ነው። እነሱ ከተዛነፉ ዘንጉ መሃል ይስታል፣ አዲሱ ፓራሊዮም በአንድ ጎኑ ይበላል። ጥብቀቱ የሚለካው የመሪውን ክንድ ባለ ስፕሪንግ ሚዛን አያይዞ በመሳብ ነው፤ ሥጋ የሚመዘንበት ዓይነት ሚዛን መሆኑ ነው።

በአራት ጎማ ጉልበት ሲታጠፉ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከነበረ ኳሶቹ ቦያቸውን በልተውታል። አዲስ መገጣጠሚያ ውድ ነው፤ የቆየ መካኒክ የግራውን ዋንጫ ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ያዛውረዋል። አዙሪቱ ስለሚገለበጥ ጉልበቱ ያልተበላው የቦዩ ግድግዳ ላይ ያርፋል። ድምፁም ይጠፋል፣ ወደ ኋላ እስኪነዱ ድረስ።